በዘይዳን ግድግዳ ውስጥ ዘጠኝ እንስራ

ዘይዳን ግቢያችን የገባ ዕለት በእጄ የነበረው ጭቃ የምመታበት እንጨት ነው። ሰላም ሳይለኝ፣ እኔም ሳልለው፣ በእንጨቱ አፉን አልኩት። ጎንበስ ብሎ ደም ተፋ። ከደሙ ጋር አንድ ጥርስ ወጣ። ጥርሱን ከመሬት አንስቶ አየት አደረገውና ጀለቢያው ኪስ ውስጥ ከተተው። እንጨቱን ደግሜ አነሳሁ። አልሸሸም፣ ለመከላከልም እጁን አላነሳም።

«ቤት እንድትሠሩልኝ ነው» አለ፣ አፉን በእጅጌው እየጠረገ። «ስንት ወር ይፈጅባችኋል?»

ልጄ በኺት ከሸክላ መሽከርከሪያው ላይ ተነሳና ጭቃ እንደለበሰ በሁለት እጁ አንገቱን አንቆ ከበር ውጭ ወረወረው። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ከተሰባበሩት እንስራዎች ክምር አጠገብ ቁጭ አለ። በኺት በዱላ ቅልጥሙን አለው። በሦስተኛው ቀን እያነከሰ መጣ።

ዘይዳን የሐምዳን ወንድም ነው። ሐምዳን ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት ባሌን አቡል ወፋን አፈር ከምንቆፍርበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ በሦስት ጥይት የጣለው ነው። ጠባቸው ስለዚያው ጉድጓድ ነበር፤ ቀዩ አፈር የኛ ነው፣ የለም የኛ ነው። ባሌ ተንከባሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ያወጣነው እኔና በኺት ነን። ጭቃውና ደሙ ተለውሶ ስለነበር ሬሳውን ስናጥብ ውሃው እስከ መጨረሻው ቀይ ነበር። በዚያው ሳምንት የባሌ ዘመዶች የነሐምዳንን ቤት ከነበጎቹ አቃጠሉት። ሐምዳን ተይዞ ታሰረ፣ በዓመቱ እስር ቤት ውስጥ በጉበት በሽታ ሞተ።

እኛ ዘንድ በበሽታ መሞት ደም አይመልስም። ደሙ ከገዳዩ ቤት ደህና ከሚባለው ሰው ላይ ይፈለጋል። ደህናው ሰው ስዌዝ ወደብ ላይ ይሠራ የነበረው ዘይዳን ነው። ደም እስኪመለስ ድረስ ደግሞ ለቅሶ አንቀመጥም። የለቅሶ አግዳሚዎቻችን ከእቶኑ ጀርባ ተደራርበው አራት ዓመት አቧራ ለበሱ። አንድ ሰው እንኳ መጥቶ «አላህ ያጽናሽ» አላለኝም፤ ሊል የመጣውንም የባሌ ወንድም ራሽዋን ከደጃፍ ይመልሰው ነበር።

ዘይዳን የመጣው እናቱ ሲት ራቲባ በተወለደችበት ምድር መሞት ፈልጋ አላስቀምጥ ስላለችው ነው። ቤታቸው አመድ ሆኗል። ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ በአካባቢው እኛ ነን።

ባሌ ሲሞት እንስራ የሚገዛ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ወደ ጀሪካን ዞሯል። መሃንዲስ ሚርፋት የምትባል የቄና ከተማ ልጅ አንድ ቀን በአሮጌ መኪናዋ መጥታ የመንደሩን አሮጌ ቤቶች ፎቶ ስታነሳ ዋለች። ግድግዳቸው በእንስራ የተሠራ ነው። የድሮ ሰዎች እሳት ያጣመመውን፣ የተሰነጠቀውን እንስራ አልጣሉትም፤ አጋድመው በጭቃ ደረደሩት። ሚርፋት እንደገና እንሥራው አለች። እሷ ልትነድፍ፣ እኔና በኺት እንስራውን ልንሠራና ግድግዳውን ልናቆም ተስማማን። የባሌን መጋዘን ጠርገን ጠረጴዛዋን አስገባን። በሩ ላይ ሰማያዊ የሸክላ ሰሌዳ ሰቅላ «ስቱዲዮ» ብላ ጻፈችበት። መንደሩ ግን «የመበለቷ እብደት» ነበር የሚለው። በሦስት ዓመት አንድ ክሊኒክ፣ ሁለት የእንግዳ ማረፊያ፣ የአንድ ትምህርት ቤት አጥር ሠራን። እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ቢሆንም ፕላኗ ላይ የተሳሳተ መስመር ካለ ከሷ ቀድሜ አገኘዋለሁ።

የእንስራ ግድግዳ ሁለት ዓይነት እንስራ አለው። ባዶውን «ጆሮ» እንለዋለን። አየር ይይዛል፣ ክፍሉን ያቀዘቅዛል፣ በጣት ሲያንኳኩት ይመልሳል። ጠጠርና ጭቃ የተጠቀጠቀበትን «ደንቆሮ» እንለዋለን። ጣራ ይሸከማል፣ ጥይትም ይሸከማል። ደም ያለባቸው ሰዎች ቤታቸው ከመሬት እስከ ደረት ድረስ ደንቆሮ ነው። በሰው ግድግዳ አጠገብ ሲያልፍ አንኳኩቶ ያ ቤት ጠላት እንዳለው የማያውቅ ሰው በኛ መንደር የለም።

ዘይዳን በራችን ላይ በተቀመጠ በሰባተኛው ቀን ራሽዋን መጣ። እዚያው የሚደፋው መሰለኝ። ውሻ እንደሚታይ አየት አድርጎት አለፈና ገብቶ ሻይ ጠየቀ። ሁለት ብርጭቆ ጠጣ።

«ሥራውን ተቀበይ፣ የወንድሜ ሚስት» አለኝ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያሰበውን ነገረኝ። ዘይዳን የሚተኛበት መደብ በሸንኮራ አገዳው በኩል ካለው ግድግዳ ጋር ይያያዝ። ከመደቡ ልክ በላይ፣ ሦስት በሦስት፣ ዘጠኝ እንስራ ጆሮ ሆኖ ይቅር። ከውጭ በኖራ ቀለበት ይደረግበት። አርብ ከስግደት በኋላ አገሩ ሁሉ በቀትር ይተኛል፣ አገዳው ደግሞ ከሰው ቁመት በላይ ነው። በኺት የጠመንጃውን አፍ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይተኩሳል፣ ወደ አገዳው ይገባል፣ አለቀ። በማግስቱ አግዳሚዎቹ ይወጣሉ፣ ጥጃ ይታረዳል።

እምቢ አልኩት። የሠራሁት ግድግዳ ሰው አይገድልም አልኩት። ሳቀ። ጥርሱ ላይ የሻይ ቅጠል ነበር።

«እንግዲያው ልጅሽ ሽጉጥ ይዞ ገበያ መሃል ይገባል። በሰው ፊት ይገድለዋል። ወይ የዘይዳን የአጎት ልጆች እዚያው ይጥሉታል፣ ወይ መንግሥት ይሰቅለዋል። እኔ እኮ አዝኜልሽ ነው፣ የበኺት እናት።»

በኺት መሽከርከሪያው ላይ የእንስራ አንገት እያወጣ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። እጁ አልቆመም፤ አንገቱ ግን በጣቶቹ መሃል ተጣመመና ወደቀ።

ራሽዋን ሲሄድ ልጄን ጠየቅኩት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እጁ ከአባቱ እጅ ይበልጣል፣ ከመንደሩ ወንድ ሁሉ ቀጥ ያለ እንስራ የሚያወጣው እሱ ነው። ቡና ቤት ሲገባ ዶሚኖ የሚጫወቱት ቦታ እንደማይለቁለት ነገረኝ። በአባቱ ስም አይጠሩትም። «የፊክሪያ ልጅ» ነው የሚሉት፣ በእኔ ስም። አንዱ ደግሞ ሻይ ሲያዝለት «ለልጅቷም ስኳር ጨምሩላት» ብሏል። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«እኔ እንስራ መሥራት ብቻ ነው የምፈልገው፣ እማ» አለኝ። «ግን በዚህ ስም እየተጠራሁ አልኖርም።»

በጥፊ መታሁት። ካደገ ወዲህ መትቼው አላውቅም። ጉንጩን ይዞ ወደ መሽከርከሪያው ተመለሰ።

እኔ የምፈልገው ልጄ እንዳይገድልና እንዳይሞት ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ስሙም፣ ደሙም፣ ጥጃውም፣ ለኔ ገለባ ነው።

በማግስቱ ለዘይዳን እንሠራልሃለን አልኩት። ለምን እኛን እንደመረጠ ጠየቅኩት።

«ግድግዳዬን የሠራ ሰው አይበሳውም» አለ፣ በጥርሱ ቀዳዳ እያፏጨ። «ሌላ ሰው ቢሠራው ግን ትበሱታላችሁ።»

ሦስት ቀን ስለ ዘጠኙ እንስራ ብቻ አሰብኩ። ጆሮ ካደረግኳቸው ጥይቱ ያልፋል፣ ልጄ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል፣ የዘይዳን ዘመዶች ደግሞ በዓመቱ እሱን ይፈልጋሉ። ደንቆሮ ካደረግኳቸው ራሽዋን ያንኳኳል፣ ያውቃል፣ ልጄን ገበያ ይልከዋል። በአራተኛው ቀን አንድ እንስራ አነሳሁና በሆዱ መሃል በገል ከለልኩት። ከወገቡ ወደ ታች ባዶ ተውኩት፣ ከወገቡ ወደ አፉ ያለውን በጠጠርና በጭቃ ጠቀጠቅኩት። እንስራ ግድግዳ ውስጥ ሲጋደም ቂጡ ወደ ውጭ ነው፣ አፉ ወደ ክፍሉ። ከውጭ ሳንኳኳው እንደ ጆሮ መለሰልኝ። ከውስጥ ሳንኳኳው ደንቆሮ ነው።

የባሌን ክላሽ ከገለባ ስር አውጥቼ ወደ አፈር ጉድጓዱ ወረድኩ። ባሌ ከወደቀበት አፋፍ ስር እንስራ ደርድሬ ተኮስኩ። መተኮስ ያስተማረኝ እሱ ነው። ጆሮውን ጥይቱ እንደ ወረቀት አለፈው። ሙሉ ደንቆሮው ዋጠው። ግማሽ ደንቆሮው የመጀመሪያውን ጥይት ዋጠ፤ እዚያው ላይ ስደግመው ግን ጠጠሩ ተናደና ሁለተኛው በአፉ ወጣ። ሌላ እንስራ ሞከርኩ። አምስት ሞከርኩ። አንዱን ይይዛል፣ ሁለተኛውን አይዝም። ትከሻዬ አስር ቀን እንደ ጠቆረ ከረመ፤ ሚርፋት ስትጠይቀኝ ጣውላ መታኝ አልኳት።

አንድ ጥይት ይበቃል ብዬ ወሰንኩ። በኺት አንዴ ይተኩሳል፣ ገደልኩ ብሎ ይሮጣል። ዘይዳን ከነነፍሱ ይነሳል፣ ደንግጦ እናቱን ይዞ ወደ ስዌዝ ይመለሳል። ልጄ ተኩሷል ይባላል፣ ቡና ቤት ቦታ ይለቁለታል። እንዲህ አሰብኩ። ሰው ሲጨንቀው ያሰበው ሁሉ ልክ ይመስለዋል።

ግድግዳውን በበጋው አቆምነው። ዘይዳን ሁሉም ደንቆሮ ይሁን ብሎ ስለነበር ያን ያህል ጠጠር ተሸክመን አናውቅም። ዘጠኙን እንስራ እኔው ሠርቼ፣ እኔው ጠቅጥቄ፣ አፋቸውን ደፍኜ አቀረብኩ። ስንደረድር በኺት አንዱን አነሳና በእጁ መዘን አደረገው።

«ከበደ» አለ።

«እርጥብ ነው» አልኩት።

አየኝ። ከዚያ ለልክ በወጠርነው ሲባጎ መስመር አጋደመውና ጭቃ ጠየቀኝ።

ራሽዋን ሠራተኞቹ በፀሐይ የቦካ ዳቦና የከረመ አይብ ይዘው ጥላ ስር ሲቀመጡ በአገዳው በኩል መጣ። በኖራ የተከበቡትን አንድ በአንድ አንኳኳ። ዘጠኙም መለሱለት። ግድግዳውን እንደ ለማዳ ጎሽ ወገብ መታ መታ አድርጎ ሄደ። ሚርፋት ግን ብልህ ናት፤ በውጭም በውስጥም አንኳኳች። «ይህ ፕላኔ ላይ የለም፣ ፊክሪያ» አለችኝ። ለቅዝቃዜ ነው፣ አዲስ ነገር እየሞከርኩ ነው አልኳት። ሚርፋት አዲስ ነገር ትወዳለች፣ አመነችኝ። እሷን መዋሸት ራሽዋንን ከመዋሸት ከበደኝ።

ዘይዳንና እናቱ ቤቱ ገቡ። ሁለት ሳምንት አለፈ።

አርብ ነበር። በኺት ታጥቦ መስጊድ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ያቀረብኩለትን የሙሉኪያ ቅጠል ወጥ አልነካም። ሲወጣ እጄን ሳመኝ። እሱ እጅ የሚስም ልጅ አይደለም። ገለባው ጋ ሄድኩ፤ ክላሹ የለም።

አንድ ሰማያዊ ሰሌዳና የልስን ባልዲ አንጠልጥዬ በመንደሩ መሃል ወደ ዘይዳን ቤት ሄድኩ። ከበሩ በላይ የምንሰቅለው ምልክታችን ቀርቶ ነበር፣ ሰበብ ሆነልኝ። እዚያ ብገኝ ምን እንደማደርግ አላሰብኩም። አንዱን ጥይት ግድግዳው እንደሚይዝ አውቃለሁ፤ ሆኖም ቤት መቀመጥ አልቻልኩም።

ዘይዳን ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር በገመድ አልጋ ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል። መደቡ ላይ የለም፤ ታዲያ እዚያ ማን አለ? ሰሌዳውን አስቀመጥኩና ወደ ክፍሉ ገባሁ።

መደቡ ላይ ሲት ራቲባ ተኝታለች፣ ጉንጯን ግድግዳው ላይ ለጥፋ።

ዞር በይ፣ ሌላ ቦታ ላስተኛሽ አልኳት። አትሰማም አልኩ እንጂ ትሰማለች። ቤቱ ሁሉ ደንቆሮ ስለሆነ እንደ እቶን ነው አለችኝ። ክፍሉን በመዳፏ ዳብሳ ዳብሳ ነው ይህን ቦታ ያገኘችው፤ ልጇንም ከዚህ ያስነሳችው እሷ ናት።

«እዚህ ጋ ብቻ ነው ቤትሽ የሚተነፍሰው» አለች። «አልነሳም።»

ባዶው ግማሽ እንደሚያቀዘቅዝ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ እንስራ ስሠራ ኖሬ፣ በሙቀት ሰው ወደ ጆሮ እንደሚጠጋ ረሳሁት። ጥይቱን ብቻ ሳስብ።

ብብቷን ይዤ ጎተትኳት። ልዘርፋት የመጣሁ መሰላት፤ እጄን ነከሰችኝ። ጥርስ ባይኖራትም ድዷ ያማል። ደግሜ ስጎትታት ግድግዳው ፈነዳ።

የውጩ ሸክላ ሲሰበር ሰማሁ፣ ከዚያ ልስኑ በፊታችን ላይ ተረጨ። አሮጊቷ ጮኸች። ጠጠሩ ተንጋጋ፣ ግን አልተናደም። ያዘ። ከመደቡ በላይ መዳፍ የምታህል የአየር ቀዳዳ አለች፤ አፌን ወደዚያ አቀናሁ።

«በኺት፣ እኔ ነኝ። እናትህ ነኝ። አትተኩስ።»

አገዳው ሲንሿሿ ይሰማኛል። ከዚያ አብሮት መምጣቱን ያላወቅኩት የራሽዋን ድምፅ መጣ፣ ድገም፣ አልሞተም፣ ድገም እያለ። በኺት «እናቴ ናት» አለው። ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ ልጅ ሆኖ ሲታመም እንደሚናገረው። ራሽዋን ሰደበው። ሲታገሉ፣ እግራቸው ሲንሸራተት፣ ጨርቅ ሲቀደድ ሰማሁ። አሮጊቷን ደፍቼ በላይዋ ተኛሁባት።

ሁለተኛው ጥይት አለፈ። ከክርኔ በላይ ግራ ክንዴን መታኝ፣ አጥንቱን ሰብሮ ወጥቶ በግቢው በኩል ያለው በር ጣውላ ውስጥ ተሰካ። መጀመሪያ አልታመምኩም። የሲት ራቲባ ግራጫ ሻሽ ሲቀላ አይቼ እሷ የተመታች መሰለኝ።

ውጭ የሆነውን በኺት በኋላ ነግሮኛል። አጎቱ ክላሹን ነጥቆ ተኮሰ፣ ሦስተኛውን ሊጨምር ነበር። በኺት ጠመንጃውን ከእጁ ፈልቅቆ መሬት ጣለው፣ ቀኝ እጁን በጉልበቱ ረግጦ ግድግዳው ስር ካለው ድንጋይ ላይ አስደገፈና በሰደፉ ወቃው። ስንት ጊዜ እንደመታው አያውቅም። ደረቅ አፈር ስንወቃ እንደምናደርገው፣ ዱቄት እስኪሆን። ራሽዋን ከዚያ በኋላ ሦስት ጣት የለውም።

ዘይዳን ጫማ ሳያደርግ፣ ሽጉጥ ይዞ ገባ። ወደ አገዳው ወደሚያወጣው በር ቀጥ ብሎ ሄደ። ከመደቡ ላይ ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ክንዴ የኔ እንዳልሆነ ነገር ተንጠልጥሏል።

«ዞር በይ።»

«አልዞርም።»

«ማነው ውጭ ያለው?»

«ልጄ ነው። የመጀመሪያውን የተኮሰው ልጄ ነው፣ ሁለተኛውን አጎቱ።»

ሽጉጡን ደረቴ ላይ አደረገ። ዓይኑ ግን ወደ ግድግዳው ሄደ። ወደኋላ ሁለት እርምጃ ሄዶ ጣቶቹን ጥይቱ የበሳው ቀዳዳ ውስጥ ከተተ፣ ገል አወጣ፣ ጠጠር አወጣ፣ ደግሞ ባዶውን ዳበሰ። የእንስራ አገር ልጅ ነው፣ ገባው።

«ይሄን ባዶ የተወው ማነው?»

«እኔ።»

«ግማሹን የሞላውስ?»

«እሱም እኔ።»

ተመልሶ መጣና በሽጉጡ እጀታ አፌን መታኝ። ሁለት ጥርስ ወደ ጉሮሮዬ ገባ። በሩን ይዤ አልወደቅኩም። ደሙን እግሩ ስር ተፋሁትና ቀና አልኩ። እንደገና አነሳ።

«ዘይዳን» አለች እናቱ ከመደቡ ላይ፣ ልስን ከፀጉሯ እያራገፈች። «ሴትየዋ መደቤን አበላሸችው። ክንዷን እሰርና መኪና ጥራ።»

ዘይዳን እኔንና እናቱን ተራ በተራ አየ። ከኋላዬ በሩ ተከፈተ። በኺት ክላሹን በአፈሙዙ ይዞ ቆሟል፣ ሰደፉ ላይ ደምና ቆዳ አለ። ሁለቱ በትከሻዬ ላይ ተያዩ። አንዱ ቢንቀሳቀስ ሁላችንም እዚያው እንቀር ነበር። ልጄ ክላሹን ወደ ውጭ፣ ወደ መስኖ ቦዩ ወረወረው። ውሃው ሲቀበለው ሰማን። ዘይዳን ሽጉጡን መደቡ ላይ አስቀመጠና ጥምጣሙን ቀደደ።

መኪና አልተገኘም። ባጃጅ ነው የተገኘው። እኔ መሃል፣ ዘይዳን በቀኝ፣ በኺት በግራ ሆነን ተጨናንቀን ሄድን። ባጃጁ በቡና ቤቱ ፊት ሲያልፍ ዶሚኖ የሚጫወቱት ሁሉ ተነስተው ቆሙ፤ የዶሚኖውን ጠጠር በእጃቸው እንደያዙ።

ፖሊስ ሲጠይቀኝ ጠመንጃ ስወለውል ባረቀብኝ አልኩ። ሁለቴ? አለኝ። አዎ፣ እኔ ጅል ነኝ አልኩት። ራሽዋን ደግሞ የአገዳ መጭመቂያ እጄን በላኝ ብሏል። ሚርፋት ሆስፒታል መጥታ ሁሉንም ከአፌ ሰማች። አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች፣ ስቱዲዮውን እዘጋዋለሁ ብላ ወጣች። በማግስቱ ፕላን ይዛ ተመለሰች። «ከዛሬ ጀምሮ ወረቀቴ ላይ የሌለ ነገር ግድግዳ ውስጥ አይገባም» አለችኝ። እሺ አልኳት። ለማንም ሰው እሺ ስል የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።

ክንዴ ጠማማ ሆኖ ጠገገ። እንስራ አያነሳም።

ከሆስፒታል በወጣሁ በሳምንቱ በኺትን አግዳሚዎቹን አውጣ አልኩት። ደም ሳይመለስ፣ የቤቱ ትልቅ ወንድ ሳይፈቅድ፣ ሴት ለቅሶ ተቀመጠች ተብሎ በኛ መንደር ተሰምቶ አያውቅም። አቧራቸውን አጥበን ግቢው ውስጥ ደረደርናቸው። ራሽዋን እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ከልጆቹ ጋር የመንገዱ አፍ ላይ ቆመ። የሚመጣውን ሁሉ በድንጋይ እፈነክተዋለሁ አለ። በመጀመሪያው ቀን ማንም አልመጣም፤ ለማድረቅ በደረደርናቸው እንስራዎች ላይ ብቻ ድንጋይ ሲወርድ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ሚርፋት መጣች፣ የመኪናዋ መስታወት ተሰበረ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ዘይዳን በእግሩ እየሄደ አህያውን ከነጋሪው እየጎተተ መጣ፤ እናቱ ጋሪው ላይ ናት። የራሽዋን ድንጋይ ግንባሩን አገኘው። አልቆመም፣ ወደ ኋላም አላየም። ደሙ ቅንድቡ ላይ እየተንጠባጠበ ገባና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በኺት ውሃ አመጣለት። ዘይዳን ውሃውን ከተቀበለ በኋላ መሬት መሬት እያየ «አላህ ያጽናችሁ» አለ። አራት ዓመት የጠበቅኩትን ቃል የነገረኝ እሱ ነው። ሲት ራቲባ ደግሞ ከጋሪው ሆና፣ ግድግዳው ሲጠገን አንዱን እንስራ ጆሮ አድርጉልኝ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሰው መምጣት ጀመረ፣ ሁለት ሁለት እየሆነ፣ ራሱን በእጁ ከልሎ እየሮጠ።

ራሽዋን በግራ እጁ መተኮስ እየተለማመደ ነው ይሉኛል። ከጉድጓዱ በኩል ተኩስ እሰማለሁ። በመንገዱ በኩል ያለውን የስቱዲዮውን ግድግዳ አፍርሰን እንደገና እየሠራነው ነው፣ እስከ ጣራው ደንቆሮ፤ ሚርፋት ወረቀቷ ላይ አስገብታዋለች። በኺት እንስራውን ያቆምልኛል፣ እኔ በአንድ እጄ እጠቀጥቃለሁ። ማታ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ ዛሬም «የፊክሪያ ልጅ» ብለው ይጠሩታል።

አቤት ይላቸዋል።